ለሥራም ለረጅም መንገድም አንድ ሞተር፦ ከጉልበቱ በፊት ክብደቱን እይ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 36 ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ74፣ ክብደቴ 72 ኪሎ። ላለፉት 6 ዓመታት 250 ሲሲ ሞተር ስነዳ ቆይቻለሁ። ሥራ ቦታዬ ከቤቴ 22 ኪሎ ሜትር ይርቃል። መንገዱ ሁልጊዜ የተጨናነቀ ስለሆነ ለመድረስ 45 ደቂቃ ይፈጅብኛል። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ባለቤቴን ይዤ 450 ኪሎ ሜትር ሄጄ በማግስቱ እመለሳለሁ። አሁን ስፖርት ቱሪንግ (ፍጥነትንና የረጅም መንገድ ምቾትን ያጣመረ ሞተር) ልገዛ ነው። ያሰብኳቸው ያገለገለ ያማሃ ኤፍጄአር 1300፣ ካዋሳኪ ኒንጃ 1000 ኤስኤክስ እና ያማሃ ትሬሰር 9 ጂቲ ናቸው። የትኛውን ይመክሩኛል? ጉልበቱስ አይበዛብኝም?

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህን የወደድኩት ቁጥሮቹን ስለጻፍክልኝ ነው። ብዙ ሰው "ጥሩ ሞተር የቱ ነው?" ብሎ ብቻ ይጠይቀኛል። ለእሱ መልስ የለኝም። አንተ ግን ኪሎ ሜትሩንም ደቂቃውንም ነግረኸኛል። እስቲ አብረን እንቁጠረው።

በወር 22 የሥራ ቀን ብንል፣ በቀን 44 ኪሎ ሜትር፣ በወር 968 ኪሎ ሜትር ለሥራ ትነዳለህ። ረጅሙ ጉዞ ደርሶ መልስ 900 ነው። በኪሎ ሜትር ሲታዩ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። በሰዓት ስንቆጥር ግን ነገሩ ይለወጣል። ለሥራ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል፣ በወር 33 ሰዓት ሞተር ላይ ነህ። ረጅሙን መንገድ በአማካይ በሰዓት 75 ኪሎ ሜትር ብትሄደው 12 ሰዓት ይፈጅብሃል። ሞተሩ ላይ ከምታሳልፈው አራት ሰዓት ሦስቱ የሚያልፈው በመኪኖች መሃል ተጣብቀህ፣ ፍሪሲዮን ይዘህ ስትለቅ ነው ማለት ነው።

ሞተር በመጠገንና ሰው በማማከር ረጅም ዓመት ቆይቻለሁ። ተሳስቶ የገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩን ሲመርጥ የሚታየው የዕረፍት ቀን መንገድ ነው። የሚነዳው ግን ማክሰኞ ጠዋት ነው። ስለዚህ የእኔ አመራረጥ እንዲህ ነው። የሞተሩን ክብደትና አቀማመጥ የየቀኑ መንገድ ይወስን። ንፋስ መከላከያውን፣ ወንበሩንና ሻንጣውን ረጅሙ ጉዞ ይወስን። የፈረስ ጉልበት ግን ምንም አይወስንም፤ ከጠራሃቸው ከሦስቱ አንዱም አያንሰውም።

ከክብደቱ ልጀምር፤ ዋናው እሱ ነውና። ኤፍጄአር 1300 ነዳጅና ዘይቱ ተሞልቶ ወደ 290 ኪሎ ይመዝናል። የ2021ዱ ትሬሰር 9 ጂቲ 220 ኪሎ ነው። ልዩነቱ 70 ኪሎ፣ ማለትም አንተን ያክላል። ኤፍጄአርን ለሥራ መግዛት፣ ትሬሰር ላይ አንድ ሰው አፈናጥጠህ በየቀኑ እንደ መመላለስ ነው። ኒንጃው 235 ኪሎ ስለሆነ ወደ ትሬሰሩ ይቀርባል።

ይህ ክብደት በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አይሰማህም። እንዲያውም ክፍት መንገድ ላይ ከባድ ሞተር ይረጋጋል፣ ደስ ይላል። የሚሰማህ ሞተሩ ሊቆም ሲል ነው። ዳገት ላይ ስትቆም። ካቆምክበት ቦታ ወደ ኋላ ስትገፋው። አሸዋ የፈሰሰበት አስፋልት ላይ እግርህን ስታሳርፍ። ተጭረው ወደ ጋራዥ የሚመጡልኝ ትልልቅ ሞተሮች ብዙዎቹ በፍጥነት ሲሄዱ የወደቁ አይደሉም፤ ቆመው ነው የወደቁት። አንድ ደንበኛዬ በጣም ጎበዝ ነጂ ነው። ትልቅ ቱሪንግ ገዝቶ በአራት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ጣለው፤ ሦስቱንም ጊዜ ማታ ከሥራ ሲመለስ ነበር። ችሎታ አላነሰውም። ሰውነቱ ሲደክም 290 ኪሎ ትንሽ ዘንበል ካለ በኋላ የሚመልሰው ጉልበት አልነበረውም። አንተ ደግሞ ከ250 ሲሲ ነው የምትመጣው። እጅህና እግርህ የለመዱት በጣም ቀላል ነገር ነው።

የወንበር ከፍታን ሰው በሚሊ ሜትር ብቻ ያወዳድራል። የወንበሩ ስፋት ግን እኩል ዋጋ አለው። ከፊት ሰፊ የሆነ ወንበር ጭንህን ይከፍተዋል፤ እግርህም መሬት ለመድረስ ያጥረዋል። ስለዚህ ወረቀቱን ትተህ ተቀመጥበት። የሁለቱም እግሮችህ የፊት መዳፍ መሬት በደንብ ከረገጠ ይበቃሃል። ተረከዝህ ባይነካ አትጨነቅ። ባለቤትህ ከኋላ ተቀምጣም ሞክረው፤ ሞላው ሲወርድ ከፍታው ይለወጣል።

ወደ አቀማመጡ ልምጣ። ወደ ፊት የሚያጎነብስ ሞተር በፍጥነት ላይ ሳለ አይከፋም፤ ንፋሱ ደረትህን ይደግፈዋል፣ ከእጅ አንጓህ ላይ ሸክም ይወርዳል። መጨናነቅ ውስጥ ግን ንፋስ የለም። የላይኛው ሰውነትህ ክብደት በሙሉ በእጅህ ላይ ይወድቃል። ለዚህ ነው ሲሞከር በጣም የተመቸ ሞተር ከሳምንት በኋላ አንጓ የሚያሳምመው። የሚሸጥልህ ሰው ሁልጊዜ ክፍት መንገድ ላይ ነው የሚያስሞክርህ። ኒንጃ 1000 ኤስኤክስ ከእሽቅድምድም ሞተሮች ጋር ሲነጻጸር መሪው ከፍ ያለ ነው፤ ይህን አልክድም። ትሬሰሩ ግን ይበልጥ ቀጥ አድርጎ ያስቀምጣል፤ ከመኪና ጣሪያ በላይ አሻግረህ ታያለህ። ከመጨናነቅ ውስጥ አሻግሮ ማየት ምቾት ብቻ አይደለም፤ ሕይወትም ያተርፋል።

ሙቀትም አለ። ትልቅ ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር ቆሞ ሲጠብቅ ማራገቢያው ይነሳና ትኩሱን አየር እግርህ ላይ ይለቀዋል። ሙሉ ልባስ (ሞተሩን ከንፋስ የሚሸፍነው የፕላስቲክ ገላ) ያለው ከሆነ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ሻጩ ዘንድ በሞከርክበት በአሥር ደቂቃ ይህን አታውቀውም። ሃያ ደቂቃ ያህል በተጨናነቀ መንገድ ካልነዳኸው ስለ ሙቀቱ ምንም አላወቅክም።

"ጉልበቱ አይበዛብኝም?" ላልከው ልመልስ። አንድ ሞተር ቀጥ ባለ መንገድ በ120 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለመሄድ የሚያስፈልገው በግምት 20 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ሰውና ሻንጣ ሲጨመር ትንሽ ከፍ ይላል። ኒንጃው 142 አለው። ትሬሰር 9 ወደ 119። የቀረው ለመቅደም፣ ለዳገትና ለደስታ ነው። ስለዚህ በጉልበት ማነስ ምክንያት ከሦስቱ አንዱንም አትጣል። ብዛቱስ? ሁለቱ አዳዲሶቹ፣ ኒንጃውና ትሬሰሩ፣ የዝናብ ወይም የለስላሳ መንጃ ምርጫ አላቸው፤ ጉልበቱ በቀስታ እንዲመጣ ያደርጋል። የመጀመሪያውን ወር በእሱ ንዳ። ከዚያ በላይ ግን ማየት ያለብህ ጉልበቱ የት እንደሚመጣ ነው። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር ኃይሉን በሙሉ የሚሰጠው ዙሩ ከፍ ሲል ነው። የትሬሰር 9 ባለ 3 ሲሊንደር፣ 890 ሲሲ ሞተር ግን ከታች ጀምሮ ይጎትታል። ማርሽ ሳትቀንስ ከመኪና ጀርባ ትወጣለህ። ከሥራ ደክሞህ ስትመለስ ይህን ትወደዋለህ።

አሁን ረጅሙን መንገድ እንየው። እዚያ ጠላትህ ንፋስ ነው። የንፋስ ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። ከ60 ወደ 120 ብትወጣ ፍጥነቱ በእጥፍ ያድጋል፤ ግፊቱ ግን አራት እጥፍ ይሆናል። ሰውን የሚያደክመው ይህ ነው። ቢኤምደብሊው በ1976 አር100 አርኤስን ሲያወጣ ልባሱን በንፋስ መሞከሪያ ዋሻ ውስጥ ቀርጾ ከመሪው ጋር ሳይሆን ከፍሬሙ ጋር ያሰረው ለዚሁ ነበር። ነጂው ከንፋስ ጋር ሲታገል መዋል እንደሌለበት ገብቷቸው ነበር። ዛሬ ስፖርት ቱሪንግ የምንለው ሞተር መሠረቱ እሱ ነው።

ግን አንድ ስህተት አለ። ሰው ረጅም የፊት ንፋስ መከላከያ መስታወት ሁልጊዜ ይሻላል ብሎ ያስባል። የመስታወቱ ጫፍ ንፋሱን ይሰነጥቀዋል። የተሰነጠቀው ንፋስ ይሽከረከራል። ያ ሽክርክሪት ሄልሜትህ ላይ ካረፈ ጭንቅላትህ ይንቀጠቀጣል፣ ጆሮህ ይጮኻል፣ ዓይንህም መንገዱን አጥርቶ አያይም። ንጹሕ ንፋስ ከተሰበረ ንፋስ ይሻላል። ሞክረህ ማወቅ ትችላለህ። ነጻ መንገድ ላይ በምትሄድበት ፍጥነት ትንሽ ከወንበርህ ከፍ በል። ጩኸቱ ከቀነሰ መስታወቱ ዝቅ ማለት አለበት። ትንሽ ጎንበስ ስትል ከቀነሰ ደግሞ ከፍ ያለ ያስፈልግሃል። ከሁሉም በፊት ግን የጆሮ መድፈኛ ግዛ። በጣም ርካሹ ዕቃ እሱ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚረሳውም እሱን ነው። በረጅም መንገድ ፍጥነት ሄልሜት ውስጥ የሚሰማው የንፋስ ጩኸት ከጊዜ ብዛት ጆሮን ይጎዳል። የተጎዳ ጆሮ ደግሞ አይመለስም። መድፈኛው ድካሙንም በግልጽ ይቀንሳል።

ኤፍጄአር የሚያሸንፈው እዚህ ላይ ነው። ሰፊ ልባስ፣ በኤሌክትሪክ ከፍና ዝቅ የሚል መስታወት፣ 25 ሊትር የነዳጅ ታንክ፣ ካቴና የሌለው የሻፍት ማስተላለፊያ (ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርስ የሚሽከረከር ዘንግ)። ለረጅም መንገድ ከጠራሃቸው ሁሉ ይበልጣል፤ በዚህ አልከራከርም። ሥራህ ከከተማ ከተማ መዞር ቢሆን እሱን ግዛ እልህ ነበር።

ስለ ካቴናና ሻፍት ብዙ ሰው ይከራከራል። አንተ በወር ወደ 1,900 ኪሎ ሜትር ትነዳለህ። ካቴና በየ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትሩ፣ ዝናብ ከመታውም በኋላ፣ መቀባት አለበት። በወር ሦስት ጊዜ ገደማ ማለት ነው። አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ የኋላ ጎማው ከመሬት ተነስቶ መሽከርከር ከቻለ። የመሃል ማቆሚያ (ሞተሩን ቀጥ አድርጎ የኋላ ጎማውን ከመሬት የሚያነሳ እግር) ያለው ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። ትሬሰር 9 ጂቲ ከፋብሪካው የመሃል ማቆሚያ ይዞ ይመጣል። ኒንጃ 1000 ኤስኤክስ የለውም፤ ጎማ ማንሻ ለብቻው ገዝተህ ቤት ማስቀመጥ አለብህ፤ መንገድ ላይ ደግሞ ይዘኸው አትሄድም። ትንሽ ነገር ይመስላል። ካቴና ሳይቀባ የሚያልቀው ግን ስንፍና ስላለ አይደለም፤ ማንሻ ስለሌለ ነው።

ሻፍት ዘይት ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ልብስህንም አያቆሽሽም። ግን ክብደት ይጨምራል፣ ሲበላሽም ጥገናው ከባድ ነው። ለ70 ኪሎ ልዩነት ብዬ ካቴናውን እመርጣለሁ።

የባለቤትህን ነገር በደንብ አስብበት። ሞተር ሁሉ ሊሸከም የሚችለው የጭነት ልክ አለው፤ መመሪያው ላይ ተጽፏል። በዚህ ክፍል ባሉ ሞተሮች አብዛኛውን ጊዜ በ180 እና በ220 ኪሎ መካከል ነው። ደምረው። አንተ 72፣ እሷ ለምሳሌ 60፣ የሁለታችሁ ልብስ፣ ጫማና ሄልሜት 15፣ ሻንጣዎቹ ራሳቸውና በውስጣቸው ያለው 30። 177 ሆነ። ጫፉ ላይ ደርሰሃል። ስለዚህ የኋላ ሞላውን ማጥበቅ ግዴታ ነው። ሳታጠብቅ ብትሄድ የሞተሩ ጀርባ ይወርዳል፣ የፊቱ ጎማ ይቀልላል፣ የፊት መብራትህም የመጪውን መኪና ዓይን ይወጋል። ኒንጃው ይህን የምታደርግበት በእጅ የሚዞር ቁልፍ አለው፤ መፍቻ አያስፈልግም። ትሬሰሩን ስታይም እንዴት እንደሚጠብቅ ሻጩን አሳየኝ በለው።

እኔ አንድ ጊዜ ከባድ መሣሪያዎቼን ከኋላ ባለው የላይ ሣጥን ውስጥ ጭኜ ወጣሁ። ፍጥነቴ ሲጨምር መሪው እጄ ላይ መወዛወዝ ጀመረ። ጋዙን ቀስ ብዬ ቀንሼ ዳር ያዝኩ። መሣሪያዎቹን ወደ ጎን ሻንጣዎቹ ወለል ሳወርዳቸው ያው ሞተር በዚያው መንገድ ላይ ጸጥ አለ። ከባድ ነገር ታችና ወደ ሞተሩ መሃል ይሁን። የላይ ሣጥን ለዝናብ ልብስና ለቀላል ነገር ነው። ለሥራ ስትሄድ ደግሞ የጎን ሻንጣዎቹን አውልቃቸው። ብዙ ጊዜ ከመሪው በላይ ይሰፋሉ። ዓይንህ የለካው የፊቱን ነው፤ የሚነካው ግን የኋላው ነው።

ስለ ነዳጁ የምለው አጭር ነው። 19 ሊትር ታንክ በ100 ኪሎ ሜትር 5 ሊትር ተኩል ቢበላ ከ340 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዳል። መጠባበቂያ ብትተውለት እንኳ ሰውነታችሁ ከታንኩ በፊት ዕረፍት ይጠይቃል። ለ450 ኪሎ ሜትር አንድ ጊዜ መቅዳት በቂ ነው።

ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) የሌለው አትግዛ። ይህ አያከራክርም። በኩርባ ላይ ጭምር የሚሠራ ኤቢኤስ ቢኖረው ደግሞ በጣም እመርጠዋለሁ። ኒንጃ 1000 ኤስኤክስም ሆነ ከ2021 ጀምሮ ያለው ትሬሰር 9 ለዚህ የሚያገለግል፣ የሞተሩን ማጋደል የሚለካ መሣሪያ አላቸው።

ጎማ ስትገዛ የስፖርት ቱሪንግ ጎማ ግዛ፤ መሃሉ ጠንካራ፣ ዳሩ ለስላሳ የሆነውን። የአንተ መንገድ ግማሹ ቀጥ ያለ ስለሆነ የኋላው መሃሉ ጠፍጣፋ ሆኖ ያልቃል። የጎማውን ንፋስ ጎማው ሳይሞቅ በየሁለት ሳምንቱ ለካ። በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ አብዛኛውን ጊዜ የፊቱ 36፣ የኋላው 42 ፒኤስአይ ነው፤ የሞተርህ መመሪያ የሚለውን ግን ተከተል።

እንግዲህ ፍርዴ። ከሦስቱ ትሬሰር 9 ጂቲን ግዛ። 33ቱን ሰዓት አያስመርርህም፤ 12ቱን ሰዓትም በሚገባ ይወጣዋል። ኒንጃውን ተቀምጠህበት ልብህ ከወደደው አልከለክልህም፤ ጥሩ ሞተር ነው። ጎማ ማንሻውን ብቻ አብረህ ግዛ። ኤፍጄአሩን ግን አሁን አትግዛ።

ያልጠየቅከኝን ሁለት ልጨምር። አንደኛው ትሬሰር 7 ነው። 689 ሲሲ፣ ባለ 2 ሲሊንደር፣ 73 የፈረስ ጉልበት፣ የ2021ዱ 196 ኪሎ ገደማ። ከ250 ለሚመጣ ሰው በጣም የሚመች እርምጃ ነው። ብቻህን ብትጓዝ ኖሮ መጀመሪያ የምጠራልህ እሱን ነበር። ሁለት ሰውና ሻንጣ ጭኖ ዳገት ላይ መኪና ሲቀድም ግን ቀደም ብለህ ማሰብና ማርሽ መቀነስ ይኖርብሃል። ሁለተኛው ሆንዳ ኤንቲ1100 ነው። ከ20 ሊትር ከፍ ያለ ታንክ፣ ጥሩ ንፋስ መከላከያ፣ የመሃል ማቆሚያ አለው። ዲሲቲ በሚባለው አውቶማቲክ ካምቢዮ ከወሰድከው ፍሪሲዮን የሚባል ነገር የለም። መጨናነቅ ውስጥ የግራ እጅህ ያርፋል። ክብደቱ ግን ወደ 248 ኪሎ ይወጣል። ቀስ ብለህ ስትዞርም ፍሪሲዮን ስለሌለ ፍጥነቱን በኋላ ፍሬን መቆጣጠር መልመድ አለብህ። የግራ አንጓህ አሁኑኑ የሚያምህ ከሆነ ይህን በጥሞና አስብበት።

ያገለገለ የምትገዛ ከሆነ ልትደርስ ስትል ለሻጩ "ሞተሩን እንዳታስነሳው" በለው። እንደደረስክ እጅህን ወደ ሞተሩ ጎን አስጠጋ። ሞቆ ካገኘኸው በብርድ ሲነሳ እንድታየው አልፈለገም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ቀን ና። የፊት ሾኮቹ ላይ ዘይት ይታይ እንደሆነ እይ። የፊት ጎማው ተነስቶ መሪውን ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብለህ አዙር፤ መሃል ላይ ቀጭ ብሎ የሚይዝ ከሆነ ኩሽኔታው ተበልቷል። ጎማው ላይ አራት አሃዝ ታገኛለህ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ገና ቢሆንም ብዙ ዓመት የቆየ ጎማ ደርቋልና ለመቀየሪያው ዋጋ ተደራደር።

ገዝተህ ስትመለስ በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ሥራ አትሂድበት። ባዶ ሜዳ ፈልግ። መሪውን እስከ መጨረሻ አዙረህ ቀስ ብለህ መዞርን፣ ከ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሁለቱም ፍሬን አጥብቀህ መቆምን ደጋግመህ ተለማመድ። ኤቢኤሱ ሲሠራ እጅህና እግርህ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ያን ስሜት መጀመሪያ የምታውቀው አደጋ ላይ መሆን የለበትም። ከዚያ ባለቤትህን አፈናጥጠህ ያንኑ ድገመው።

እሷንም ሙከራው ላይ ይዘሃት ሂድ። ግማሽ ሰዓት ከኋላ ትቀመጥ። ጉልበቷ በጣም ከታጠፈ ወይም ወንበሩ ወደ አንተ የሚያንሸራትታት ከሆነ ገና ሳትገዛ ትነግርሃለች።